ጆሮን ከአፍ መለየት

ከማስተላለፊያው የተለየ የመቀበያ አንቴና ሬዲዮው ላይ ሲሰካ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሲግናል መለኪያው ላይ ነው፤ መርፌው ደግሞ ይወርዳል። በትልቁ አንቴና ዘጠኝ ይል የነበረው ጣቢያ አሁን ስድስት ላይ ይቀራል። ይህን አይቶ አዲሱን ገመድ ነቅሎ ወደ ነባሩ መመለስ ቀላል ነው፤ ግን ችኮላ ነው። መርፌው ምን ያህል ሲግናል እንደገባ ይናገራል፤ ከሲግናሉ ጋር ምን ያህል ጫጫታ ተከትሎ እንደገባ አይለይም። አንድን ደካማ ጣቢያ እንድንሰማው ወይም እንድናጣው የሚያደርገን ግን የሁለቱ ልዩነት ነው። ስለዚህ የመቀበያ አንቴና የሚመዘነው ደጅ በሚያስቀረው ነው እላለሁ። ይህን ከተቀበልን የማገናኘቱም ሥራ መልኩ ይለወጣል፤ ሁለት አንቴናዎችን ከአንድ ሬዲዮ ጋር ስናገናኝ ትልቁ ልፋታችን ሁለቱ እርስ በርስ እንዳይገናኙ መጠበቅ ይሆናል። ደጅ የቀረው ጫጫታ በጓሮ በር እንዳይመለስ፣ የራሳችን የማስተላለፊያ ኃይልም መቀበያውን እንዳያቃጥል የሚያደርገው ይኸው ጥበቃ ነው።

ማስረጃውን ከዝቅተኛው ባንድ ልጀምር። በ1.8 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በ160 ሜትር ባንድ፣ ሰው ሠራሽ ጫጫታ በከተማ ውስጥ ከሙቀት ጫጫታ ወለል 70 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላል፤ ይህም የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ስለ ሬዲዮ ጫጫታ ካወጣው ቀመር የሚገኝ ቁጥር ነው። 70 ዴሲቤል ማለት 10 ሚሊዮን እጥፍ ነው። እጅግ ጸጥ ባለ ገጠር እንኳ 46 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። ሬዲዮው ከራሱ የሚጨምረው ጫጫታ ግን 15 ዴሲቤል አካባቢ ቢሆን ነው። እንግዲህ በጸጥተኛው ገጠር አንቴናው ከሚደርሰው ኃይል 99 ከመቶውን፣ ማለትም 20 ዴሲቤል፣ ቢያባክን እንኳ ከውጭ የሚመጣው ጫጫታ ከሬዲዮው ጫጫታ በላይ እንደሆነ ይቀራል፤ ሲግናሉም ጫጫታውም እኩል ስለሚቀንሱ የሚጠፋ ነገር የለም። ይኸው አንቴና ለማስተላለፍ ቢውል 100 ዋቱ 1 ዋት ሆኖ ይወጣል። ለአንዱ ሥራ ጥፋት የሆነው ብክነት ለሌላው ከቁጥር የማይገባ ከሆነ፣ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ሽቦ ላይ መጫን ግዴታ አይደለም።

እዚህ ላይ ትምህርቱን የሚያውቅ ሰው አንድ ተቃውሞ ያነሣል፤ ጥሩ አስተላላፊ አንቴና ጥሩ ተቀባይም ነው፣ የፊዚክሱ ሕግ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይሠራል ይላል። ሕጉ እውነት ነው። አንቴናው ወደየትኛው አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚልክና ከየትኛው ምን ያህል እንደሚቀበል አንድ ዓይነት ነው። ሕጉ የማይናገረው ግን ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ ነው። 40 ሜትር ግድም ከፍታ ያለው የሩብ ሞገድ ቀጥ ያለ ማስተላለፊያ በ160 ሜትር ባንድ ላይ ድንቅ አፍ ነው፤ ነገር ግን በዙሪያው ካለው አድማስ ሁሉ እኩል ስለሚሰማ ጫጫታውንም ከየአቅጣጫው ይሰበስባል። አሜሪካዊው ሃሮልድ ቤቨሬጅ እ.ኤ.አ. በ1921 የባለቤትነት መብት ያገኘበት አንቴና የተቃራኒው ምሳሌ ነው። ከመሬት ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ከአንድ የሞገድ ርዝመት ጋር የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ሽቦ ነው፤ በአንድ ጫፉ 450 ኦም ገደማ በሆነ ሬዚስተር ወደ መሬት ይታሰራል፣ የሚሰማውም በዋናነት ወደዚያው ጫፍ አቅጣጫ ነው። ለማስተላለፍ አይመረጥም፤ ኃይሉን መሬቱና ሬዚስተሩ ይበሉታል። በመቀበያነት ግን፣ ጫጫታው ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይመጣል ብለን ብናሰላ እንኳ፣ አንድ ሞገድ የሚረዝመው ቤቨሬጅ ቀጥ ካለው አንቴና 6 ዴሲቤል ያህል ይበልጣል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ጣቢያ ከ100 ዋት ወደ 400 ዋት ከፍ ያለ ያህል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር ፖል ጎድሊን ወደ ስኮትላንዷ አርድሮሳን ሲልከው ተልዕኮው አንድ ነበር፤ ከአትላንቲክ ማዶ የሚላኩ የአማተር ሲግናሎችን መስማት። ባሕሩ አጠገብ ድንኳን ተከለ፣ የቤቨሬጅ ሽቦ ዘረጋ፣ ሰማም። አንቴናው ለማስተላለፍ ይበጅ አይበጅ የሚለው ጥያቄ ከነጭራሹ አልተነሣም።

ጫጫታው የተወሰነ አቅጣጫ ሲኖረው ደግሞ ትርፉ ይበልጥ ያድጋል፤ የእኛ አገር አቀማመጥ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያው ኢቲ3ኤኤ ያለበትን የአዲስ አበባውን አምስት ኪሎ መነሻ እናድርግ። ከዚያ ወደ ኒውዮርክ የሚወስደው አጭሩ መንገድ 315 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ ለንደን የሚወስደው ደግሞ 330 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሁለቱም በሰሜን ምዕራብ በኩል ናቸው። በአፍሪካ መብረቅ የሚበዛበት ምሥራቅ ኮንጎ ግን በ220 ዲግሪ አካባቢ፣ በደቡብ ምዕራብ ይገኛል። ማታ ማታ በዝቅተኛ ባንዶች ላይ የምንሰማው ፍንጥቅጣቂ ድምፅ ትልቁ ድርሻ ከዚያ ከሞቃታማው ነጎድጓዳማ ቀጠና የሚመጣ ነው። እንግዲህ አውሮፓና አሜሪካ በአንድ ወገን፣ መብረቁ በጎን በኩል 100 ዲግሪ ያህል ርቆ አለ። ወደ ሰሜን ምዕራብ የተዘረጋ ቤቨሬጅ በጎን የሚመጣውን አጥብቆ ስለሚያዳክም፣ ፊት ለፊት ያሉትን ጣቢያዎች ይዞ ነጎድጓዱን ወደኋላ ይተወዋል። ደረቅና ድንጋያማ መሬትም ለዚህ አንቴና ዕንቅፋት አይሆንበትም፤ የሚሠራው መሬቱ ኤሌክትሪክን በደንብ ሳያስተላልፍ ሲቀር ነውና ከጨዋማ የባሕር ውኃ ይልቅ እንዲህ ያለው ይስማማዋል።

ጫጫታ ማጥራት የሬዲዮው የዲጂታል ስሌት ሥራ ነው፣ አንቴና ላይ ምን አደከመን የሚሉ አሉ። የዛሬ ሬዲዮዎች አጫጭር ምቶችን ቆርጦ በማውጣት ረገድ በእርግጥ ጎበዝ ናቸው። ነገር ግን ከኮንጎ የመጣው ቮልቴጅና ከለንደን የመጣው ቮልቴጅ አንድ ሽቦ ላይ አንዴ ከተደመሩ በኋላ የትኛው ከየት እንደመጣ የሚናገር ምንም ምልክት አይቀርም። አቅጣጫ የሚታወቀው አንቴናው ጋ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ስሌት ሁሉ የሚሠራው በተደባለቀው ላይ ነው፤ የተደባለቀ ጤፍና አሸዋ በወንፊት ሊለይ ይሞከር ይሆናል፣ መጀመሪያውኑ አውድማው ላይ አሸዋ አለመግባቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ማገናኘቱ እንምጣ። ሁለቱ አንቴናዎች የሚገናኙበት የመጀመሪያውና አደገኛው መንገድ የማስተላለፊያው ኃይል ነው። አንድ ሬዲዮ በ100 ዋት ሲያስተላልፍ የመቀበያው አንቴና አጠገቡ ስላለ ከመቶ አንዱን ብቻ እንኳ ቢቀበል 1 ዋት ይደርሰዋል፤ በ50 ኦም ላይ 7 ቮልት ያህል ነው። ኤስ9 የምንለው ጠንካራ ሲግናል ግን 50 ማይክሮቮልት ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ሬዲዮው የተለየ የመቀበያ ሶኬት ካለው፣ እንደ ኬንውድ ቲኤስ-590፣ መቀያየሩን ራሱ ያከናውናል፤ በአንቴናውና በሬዲዮው መካከል ማጉያ ካስገባን ግን እሱ አሁንም መከላከያ ይፈልጋል። የመጀመሪያው አይኮም አይሲ-7300 ዓይነት አንድ የአንቴና ሶኬት ብቻ ያለው ሲሆን ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ሬዲዮውን ከፍቶ ከውስጠኛው መቀያየሪያ በስተኋላ፣ የማስተላለፊያ ኃይል በማይደርስበት የመቀበያ መስመር ላይ መግባት፣ ወይ ውጭ ሪሌ ያለው ሣጥን መሥራት። የመጀመሪያው ንጹሕ ነው፤ በደቃቅ ብየዳ ላይ እጁ ለጸና ሰው እሱን እመርጣለሁ። ለሌላው ሁሉ ሣጥኑ ይሻላል፤ ታዲያ የሣጥኑ ሪሌ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት በየትኛው በኩል ያርፋል የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ መመለስ አለበት። መልሱ አንድ ነው፤ ኃይል ያጣ ሪሌ ሬዲዮውን ከማስተላለፊያ አንቴናው ጋር ማገናኘት አለበት። ለመስማት ሲባል ኮይሉ ኃይል ያገኛል፣ ለመናገር ሲባል ያጣል። ያን ጊዜ የተበጠሰ ሽቦ፣ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም የመብራት መጥፋት የሚያስከትለው ጉዳት ቢኖር ጥሩ ጆሮ ማጣት ብቻ ነው። በተገላቢጦሽ የተሠራ ሣጥን ግን ፊውዝ በተቃጠለ ቀን 100 ዋቱን በቀጥታ ወደ መቀበያው አንቴና ማዛመጃ ትራንስፎርመር ይልከዋል።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ዝርዝር ደግሞ ኮይሉ ላይ የሚበየደው ዳዮድ ነው። ኮይሉ ሲቋረጥ የሚፈጠረውን የቮልቴጅ ዝላይ ለመያዝ ዳዮድ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ዳዮዱ ግን የኮይሉን ፍሰት ስለሚያዘገየው ሪሌው በሚሊሰከንዶች ዘግይቶ ይለቃል። በእኛ ሣጥን መልቀቅ ማለት ወደ ማስተላለፍ መሻገር ነው። በጣም መፍጠን በሚገባው ቅጽበት ላይ ነው የምናዘገየው። ከዳዮዱ ጋር ሬዚስተር ወይም ዜነር ዳዮድ በተከታታይ ማስገባት መልቀቁን ያፋጥነዋል፤ ሬዲዮው የማስተላለፊያ መዘግየት ማስተካከያ ካለውም ከሪሌው የመልቀቂያ ጊዜ አስበልጦ ማቆየት ይገባል።

በመቀበያው መስመር ላይ ሁለት ዳዮዶችን በተቃራኒ አቅጣጫ ማሰር ብቻውን ይበቃል የሚለውን ምክር ግን አልቀበለውም። ከ0.7 ቮልት በላይ ያለውን መቁረጡ እውነት ነው፤ ዳዮዱ ግን ማስተላለፊያችንንና የሰፈሩን ኃይለኛ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ አይለይም። ማታ የማሠራጫ ጣቢያዎች ሲጠነክሩ ዳዮዱ ራሱ ሲግናሎችን አባዝቶ ባንዱ ላይ የሌሉ ጣቢያዎችን ይፈጥራል። ጫጫታን ደጅ ለማስቀረት የተዘረጋ አንቴና በሩ ላይ ጫጫታ የሚያመርት ነገር ሊቆምበት አይገባም። በምናስተላልፍበት ጊዜ መስመሩን ወደ መሬት የሚያገናኝ ሪሌ ዋናው ጠባቂ ይሁን፤ ዳዮድም ካስፈለገ በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት በተከታታይ ሆኖ ለክፉ ቀን ይቀመጥ።

ሁለተኛው የጓሮ በር የገመዱ ቆዳ ነው። ከአንቴናው እስከ ሬዲዮው የሚመጣው ኮአክሲያል ገመድ በውስጡ ሲግናሉን ሲያመላልስ፣ የውጭ መሸፈኛው ራሱን የቻለ ረጅም ሽቦ ሆኖ የቤቱን ጫጫታ፣ የስልክ ቻርጀሩን፣ የኤልኢዲ አምፖሉን፣ የኢንቨርተሩን ሁሉ ይለቅማል፤ ከዚያ ወደ አንቴናው ሄዶ በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ የትራንስፎርመሩን ሁለት ጥቅሎች በመካከላቸው የሽቦ ንክኪ በሌለበት መንገድ መጠቅለል፣ የአንቴናውንና የገመዱን የመሬት ዘንጎች መለያየትና ገመዱን በፌራይት ቀለበት ላይ ደጋግሞ መጠምጠም ነው። መፈተኛውም ቀላል ነው። አንቴናውን ከገመዱ ሩቅ ጫፍ ላይ ፈትቶ በምትኩ 50 ኦም ሬዚስተር ማድረግና ማዳመጥ። ሬዲዮው ጸጥ ካለ ገመዱ ገመድ ነው። ጫጫታው ካልቀነሰ እስከዛሬ ያዳመጥነው በገመዱ ነበር ማለት ነው። ይህ ፈተና ሳይደረግ ስለ አንድ የመቀበያ አንቴና ጥሩነትም ሆነ መጥፎነት የሚነገር ነገር ክብደት የለውም።

ሦስተኛው መንገድ ገመድ እንኳ አያስፈልገውም። ረጅሙ የማስተላለፊያ አንቴና በምንሰማበት ጊዜም እዚያው ቆሟል፤ በባንዱ ላይ የተስተካከለ ስለሆነ ከየአቅጣጫው ጫጫታ ተቀብሎ እንደገና ይረጨዋል፣ አጠገቡ ያለው መቀበያም አቅጣጫ መለየቱን ያጣል። ግማሽ ሞገድ ማራቅ፣ በ160 ሜትር ባንድ 80 ሜትር፣ ጥሩ ነው፤ ቦታ ከሌለ ደግሞ በምንሰማበት ጊዜ ማስተላለፊያውን ከመስተካከሉ የሚያወጣ አንድ ተጨማሪ ሪሌ ከሥሩ ማኖር ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሰፊ መሬት ላለው ነው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ምን ይረባል የሚለው የመጨረሻው ተቃውሞ ለቤቨሬጁ ትክክል ነው፤ 160 ሜትር ሽቦ በረንዳ ላይ አይዘረጋም። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የሉፕ አንቴና ግን ይቆማል። ሉፑ ለሩቁ ጣቢያ ትልቅ የአቅጣጫ ብልጫ አይሰጥም፤ በክቡ ቀዳዳ በኩል ግን ጥልቅ የሆነ መስሚያ አልባ አቅጣጫ አለው፣ እሱንም አዙሮ ከአንድ የቅርብ የጫጫታ ምንጭ ላይ ማነጣጠር ይቻላል። ከሰማይ ተንጸባርቆ ከከፍታ የሚመጣው ሲግናል በዚያው አቅጣጫ ቢሆን እንኳ ያን ያህል አይጎዳም። ከሉፑ የሚወጣው ሲግናል ደካማ ስለሆነ ማጉያ ይፈልጋል፤ ማጉያው ደግሞ የሚቀመጠው አንቴናው ሥር፣ ከ50 ኦሙ ፈተና በኋላ ነው። የጎረቤት ኢንቨርተር በየትኛው ግድግዳ በኩል እንዳለ የሚታወቀውም ሉፑን ቀስ እያሉ ሲያዞሩ፣ ጫጫታው ጥልቅ ብሎ በሚወርድበት ዲግሪ ላይ ነው።