ሳንባ ይቀድማል፣ ቅልጥም ይከተላል

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ አዲስ አበባ መሮጥ ትጀምራለች። የኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ቀርቧል፤ ቲሸርቱ ተገዝቷል፤ መሥሪያ ቤቱም ቡድን አቋቁሟል። እኔ አትሌት አይደለሁም፤ ማለዳ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የምሮጥ፣ አዳዲሶቹንም የማለማምድ ሰው ነኝ። በየዓመቱ ጥቅምት አጋማሽ ላይ እያነከሰ የሚመጣ አላጣም። የሚይዙት ቦታም አንድ ነው፦ ከቅልጥም አጥንት በውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ።

ጥቅምት ላይ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሩጫ የጀመረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በትንፋሽ ማጠር ይሠቃያል። ከዚያ ትንፋሹ ይከፈትለታል። ትናንት ያቃተው ዳገት ዛሬ ይቀለዋል፤ ደስ ይለውና ርቀቱን እጥፍ ያደርገዋል። አጥንቱ ግን ገና እዚያ አልደረሰም። በተደጋጋሚ የሚመታ አጥንት የሚጠነክረው መጀመሪያ አሮጌውን ክፍል አፍርሶ ነው። ማፍረሱ ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ መልሶ መገንባቱ ሦስት ወር ገደማ። ሯጩ ጎበዝ ነኝ ብሎ የሚነሳበት ሳምንትና አጥንቱ የሚደክምበት ሳምንት የሚገጣጠሙት በዚህ ነው። የባት ጡንቻም ሲዝል ምቱን መሸከም ያቅተውና ሸክሙን ለአጥንቱ ይተውለታል። ሕመሙ የአጥንቱ ልባስ መቆጣት ነው ወይስ የአጥንቱ የራሱ መዛል በሚለው ላይ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ለሯጩ ክርክሩ ብዙ አይጠቅመውም፤ የሁለቱም መፍትሔ ሸክሙን መቀነስና እግሩን ማጠንከር ነው።

እኔን የሚገርመኝ ከአትሌቶቻችን የምንቀዳው ነገር ነው። ፍጥነታቸውንና ጫማቸውን እንቀዳለን። እንጦጦ ጫካ ውስጥ በባሕር ዛፍ መሀል አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ፣ ለስላሳ አፈር ላይ ሲሮጡ ያየ ግን ያንን አይቀዳም። ለእነሱ አስፋልት የራሱ ቀን አለው፤ ሌላው ቀን የሜዳ፣ የጫካና የኮሮኮንች ነው። ቀላል በሚሉት ቀን ደግሞ እንደኛ ያለውን ጀማሪ የሚያሳፍር ዝግታ ይሮጣሉ። እኛ ከሥራ በፊት ያለችውን አንድ ሰዓት በአስፋልት ወይም በመስቀል አደባባይ ኮንክሪት ላይ እናጠፋታለን፤ ያውም ሁልጊዜ እየተፎካከርን። ጃን ሜዳ ሣር ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ሶምሶማ መሮጥ ብዙ ቅልጥም ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

ጫማ ሲነሳ አበበ ቢቂላን የሚጠቅስ አይጠፋም። ሮም ላይ በ1960 እ.ኤ.አ. በባዶ እግሩ ማሸነፉ እውነት ነው። ይኸው አበበ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጦ ሰዓቱን ከ2:15:16 ወደ 2:12:11 ማውረዱን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ልጅነቱን በጫማ ያሳለፈ የቢሮ ሰው በአንድ ጊዜ ጫማውን ቢያወልቅ የሚጎዳው እግሩ ነው። ሶሉ ያለቀ ሰልባጅ ጫማም አይረዳም። ልክ የሆነና የሚመች ጫማ ይበቃል፤ ውድ ጫማ ርቀትን በአንዴ እጥፍ ማድረግ ከሚያመጣው ጉዳት አያድንም።

አንድ ሰው ቅልጥሜን አመመኝ ሲለኝ በራሱ አውራ ጣት የአጥንቱን ውስጠኛ ጠርዝ ከታች ወደ ላይ እየተጫነ እንዲሄድ አደርገዋለሁ። ሕመሙ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ተዘርግቶ ከተሰማው፣ ሲጀምር አሞት ሰውነቱ ሲሞቅ የሚለቀው ከሆነ፣ የተለመደው ዓይነት ነው፤ በአያያዝ ይድናል። ጣቱ አንዲት ነጥብ ላይ ሲያርፍ «እዚህ ጋ!» ብሎ ከጮኸ፣ በአንድ እግሩ ሲዘል ካመመው፣ ሌሊት ተኝቶም ከጠዘጠዘው ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው በዚያው ይቆማል፤ ወደ ሐኪም ይሄዳል። እዚህ ላይ ራጅ ብቻውን አያስተማምንም። የድካም ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ኤም አር አይ ነው ቀድሞ የሚያሳየው። የወር አበባዋ የተዛባባት ወይም የቀረባት ሴት ሯጭ ደግሞ ይህን ለሐኪሟ ሳትደብቅ ትንገር፤ በቂ ምግብ የማያገኝ ሰውነት አጥንቱን መጠገን ያቅተዋል። ሲሮጡ እግር ተወጥሮ የሚደነዝዝ፣ ሲያቆሙ በደቂቃዎች የሚለቅ ከሆነም ሌላ ችግር ነውና ሐኪም ይየው።

ወጌሻ ዘንድ ሂድ የሚል ምክርም ይመጣል። ስለ ወለምታ ከወጌሻ ጋር ጠብ የለኝም። የተቆጣ አጥንትን በቅባት እየጫኑ ማሸት ግን አይደገፍም፤ ስንጥቅ ካለማ ጉዳት መጨመር ነው። ዳይክሎፌናክ ውጦ መሮጥም እንዲሁ፤ ማስጠንቀቂያውን ያፍናል እንጂ አጥንቱን አይጠግንም።

ሙሉ በሙሉ መተኛትም ብቻውን አያድንም። ሁለት ሳምንት አርፎ የሚመለስ ሰው ያንኑ የደከመ ባት ይዞ ይመለሳል፤ ሕመሙም ይመለሳል። ስለዚህ ሲያርፍ ባቱን ይሥራ፦ ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶቹ ቆሞ ተረከዙን ቀስ ብሎ ከፍና ዝቅ ያድርግ፤ ግማሹን ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ፣ ግማሹን ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ። ጉልበት ሲታጠፍ የሚሠራው ከሥር ያለው ጡንቻ ነው፤ በሩጫ ትልቁን ሸክም ከሚችሉት አንዱ እሱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለወራት። አሰልቺ ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አያምርብኝም።

መመለሻው በእርምጃ ነው። 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ተራምዶ ያላመመው ሰው 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቀ ይጀምር፤ በአንድ ቀን ልዩነት። ዳኛው የማግስቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ሲወርድ ቅልጥሙ ካልጠዘጠዘው ይጨምር፤ ከጠዘጠዘው ወደ ኋላ ይመለስ። እርምጃውንም ያሳጥር። የቀኝ እግሩን ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ቢያባዛ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚረግጥ ያውቃል። 160 ከሆነ ፍጥነቱን ሳይጨምር ወደ 168 ቢያደርሰው እያንዳንዱ ምት ይቀልለታል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ አይቸኩል፤ ከእንጦጦ መውረድ ከመውጣቱ ይልቅ ቅልጥም ይጎዳል።

ለኅዳር የምታስቡ እንግዲህ በሰኔ ጀምሩ። ዝናቡ ካስቸገረ ፈጥኖ መራመድም ይቆጠራል፤ በየሦስት ሳምንቱም አንዱን ሳምንት ቀለል አድርጉት። ዘንድሮ ዘግይታችሁ ከሆነ ቲሸርታችሁን ልበሱና 10 ኪሎ ሜትሩን እየተራመዳችሁ ጨርሱት፤ እዚያ ከሚሮጠው የሚራመደውና የሚጨፍረው አያንስም፤ ማንም አይታዘባችሁም።