እምቢ ለማለት የሚሠራ ሂሳብ

ጥቅምት በሐዋሳ የሂሳብ ሠራተኞች እንቅልፍ የሚያጡበት ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች የማሳወቂያ ጊዜ ጥቅምት 30 ያበቃል። ሐምሌን፣ ነሐሴንና መስከረምን ያሳለፈ ነጋዴ በመጨረሻው ሰዓት የደረሰኝ ካርቶኑን ተሸክሞ አዲስ አካውንታንት ፍለጋ ይወጣል።

ከመናኸሪያ ብዙም በማይርቅ ፎቅ ላይ ቢሮ ያላት አንዲት ባለሙያ እንዲህ ያለውን ካርቶን ስትመረምር አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ገና ግብር አልተሰላም። ደንበኛውን ልቀበል ወይስ ልመልስ የሚለውን ለመወሰን ብቻ የሚሠራ ምርመራ ነው፤ ክፍያም የለውም። እኔ ግን ከዚህ የጠራ የእጅ ሥራ ጥቂት ነው ያየሁት።

ባለካርቶኑ ሲሚንቶ፣ ፌሮና ቆርቆሮ ነጋዴ ናቸው። እሷ የምትጀምረው ከዜድ ሪፖርት ነው፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ በየቀኑ ሲዘጋ ከሚያወጣው ቁራጭ ወረቀት። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ጽሑፉ ይደበዝዛል። ስለዚህ አስቀድማ ኮፒ ታደርጋለች፤ ዋናውን ወደ ፖስታው ትመልሳለች። ኮፒዎቹን በተራ ቁጥራቸው ጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች። 211፣ 212፣ 213፣ 215። 214 የለም። ማሽኑ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የተጠራቀመውን ድምር የሚያትም ዓይነት ከሆነ መላ አለው። ከ215ቱ ድምር ላይ የ213ቱን ድምር ትቀንሳለች፤ ከቀሪው ላይ የ215ን የዕለት ሽያጭ ታነሳለች። የተረፈው ቁጥር የጠፋው ወረቀት ሽያጭ ነው። በእርሳስ ትጽፈዋለች፤ ከወሩ የቫት ማሳወቂያ ጋር ታመሳክረዋለች።

ቀጥላ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞቹን ታወጣለች። በዚህ ጊዜ እጇ ይበልጥ ዝግ ይላል። ያኔ ይሠራበት በነበረው የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ምጣኔ መሠረት ከ10,000 ብር በላይ ዕቃ የገዛ ድርጅት ከክፍያው 2 በመቶ ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባ፣ ለሻጩም ደረሰኝ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ 1,000 ብር የተቀነሰበት ደረሰኝ ከኋላው የ50,000 ብር ሽያጭ አለ ማለት ነበር። ተቀናሹን በ50 እያበዛች በዚያው ቀን የተቆረጠ የሽያጭ ደረሰኝ ትፈልግ ነበር። ገዢው ያሳወቀውን ሻጩ ካላሳወቀ ልዩነቱ ገቢዎች ዘንድ ከተመዘገበ ቆይቷል፤ ደንበኛው ብቻ ነው ያልታየ የሚመስለው።

የግዢ ደረሰኞቹን ከሁለት ወገን ታያለች። የሻጩ ቲን ቁጥር አሥር አኃዝ መሆኑን ትቆጥራለች፤ ይህ ቀላሉ ነው። ከዚያ የአንድ ሻጭ ደረሰኞችን በቀን ሳይሆን በተራ ቁጥር ታሰልፋለች። የታኅሣሥና የመጋቢት ደረሰኞች 0472 እና 0473 ሆነው ከተገኙ፣ ያ ሻጭ በሦስት ወር ውስጥ ለሌላ ሰው አንድም ደረሰኝ አልቆረጠም ማለት ነው። ይህን ፌሮ ለሚያከፋፍል ድርጅት ማመን ይከብዳል። ማኅተም ላይ ያላት ዓይንም እንዲሁ ነው። የሲዳማ ክልል የተመሠረተው በ2012 ነውና በ2010 የጸደቀ የሱቅ ኪራይ ውል ላይ የሲዳማ ክልል ማኅተም ካረፈ ወረቀቱን ሳታጥፍ ለብቻው ታስቀምጠዋለች።

በመጨረሻ ሲሚንቶው። እንበልና ዓመቱ ሲጀምር 400 ኩንታል ነበር፤ 9,600 ተገዛ፤ በቆጠራ 300 ተገኘ። 9,700 ኩንታል መሸጥ ነበረበት። ደረሰኙ 6,100 ካለ 3,600 ኩንታል የት ገባ? ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ስለሆነ 7,200 ከረጢት ነው። የተበላሸና የረጠበ አለ ቢባል እንኳ ይህን ያህል አይሆንም።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትጠይቃለች።

«ጋሼ፣ ከቀድሞው ሂሳብ ሠራተኛዎ ጋር ብነጋገር ይፈቅዱልኛል?»

«እሱን ተይው ልጄ። አንቺ ብቻ ፈርሚልኝ።»

የተዝረከረከ ካርቶን ይዞ የመጣን ሰው መልሳ አታውቅም። መዝረክረክ የሚጸዳ ነገር ነው፤ ሰዓቱ ይገመታል፣ ዋጋው ይነገራል፣ የባንክ ስቴትመንቱ ይመጣል። ብዙዎቹ ጥሩ ደንበኞቿም እንዲሁ ነበር የመጡት። እሳቸው ግን የባንኩን ወረቀትም የቀድሞውን ሰው ስልክም አልሰጡም። የሚፈልጉት ፊርማዋን ነው። ሕጉ ደግሞ ማሳወቂያ ከገባ በኋላ ለ5 ዓመት እንደገና እንዲታይ ይፈቅዳል፤ ማጭበርበር ካለ የጊዜ ገደብ የለውም። ፊርማው እዚያው ላይ ነው የሚቆየው። መመለሷ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይበልጥ የማረከኝ ግን አመላለሷ ነው።

ያንኑ ቀን አንድ ገጽ ደብዳቤ አዘጋጀች። ሥራውን እንደማትቀበል በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለጸች። «ሀሰተኛ» የሚል ቃል የለበትም፤ ያላጣራችውን አልጻፈችም። ቀጥሎ የምትመልሰው ወረቀት ዝርዝር ይመጣል፦ ዜድ ሪፖርት ስንት፣ ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው፣ የጎደለው የትኛው፤ የግዢ ደረሰኝ ስንት፤ ዊዝሆልዲንግ ስንት። ከሥሩ ደግሞ ማሳወቂያው ጥቅምት 30 እንደሚያበቃ፣ ከዘገየም ካልተከፈለው ግብር ላይ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ቅጣት እንዳለው አሰፈረች። ሌላ ባለሙያ የሚያገኙበት ጊዜ እንዲተርፋቸው ብላ ነው ያላሳደረችው።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ነው። ካርቶኑን ፊት ለፊታቸው ከፍታ እያንዳንዱን እስር ከዝርዝሩ ጋር አብረው ቆጠሩ፤ በሁለቱም ላይ ፈረሙ። አንዱን እሳቸው ይዘው ሄዱ። ሌላውን ፋይል ውስጥ ከተተች፤ የዜዶቹን ኮፒዎችም ለእሳቸው ስለመለሰች ከካርቶኑ እሷ ዘንድ የቀረ አንድም ወረቀት የለም።