ኮሌታ ላይ የምትሰካው ከሰል

ሸራ ተራ ጫማ ከሚሠራበት ጠባብ ክፍል ሲገቡ ቀድሞ የሚቀበልዎ የማስቲሽ ሽታ ነው። ሠራተኛው ሶሉንም ቆዳውንም ይቀባል፣ ጥቂት ያናፍሳል፣ ከዚያ ያጣብቃል። ሲናፈስ የሚተነው፣ እንደ ማስቲሹ ዓይነት፣ ሄክሴን ወይም ቶሉዊን ነው። አፍንጫ ደግሞ ቶሎ ይለምዳል፤ ምስክርነቱ አይታመንም።

ትነቱን የምትለካዋን ያቺን ትንሽ ባጅ የምወዳት ለዚህ ነው። ፓምፕ የላት፣ ባትሪ የላት፤ ውስጧ ለዚሁ የተዘጋጀ ከሰል ብቻ። ጠዋት ኮሌታ ላይ ትሰካለች። ሰውየው ሲቀባ፣ ሲመታ፣ ሻይ ፉት ሲል ትነቱ በራሱ ጊዜ ከሰሉ ውስጥ ይሰርጋል፤ ፍጥነቱ የሚሰላው አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1855 ባወጣው ሕግ ነው። ማታ ታሽጋ ወደ ላቦራቶሪ።

የአሜሪካ የሙያ ጤና ተቋም የሚመክረው የሄክሴን ጣሪያ በሥራ ቀን አማካይ ከ1 ሚሊዮን የአየር ክፍል 50 ነው። ቀልድ አይደለም፦ በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ሰንደል ጫማ የሚያጣብቁ ሠራተኞች ነርቫቸው ተጎድቶ እጅ እግራቸው ዝሏል።

እርግጥ ባጇ አትጮህም፤ ውጤቷም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ግን በር አጠገብ የሚሠራውና ጥግ የተቀመጠው ምን ያህል እንደተነፈሱ ለይታ ታመጣለች።