ነፋስን ለይቶ ስለ መቀበል

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፣ ይህ የሚታየው ዓለም ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተገኘ ይተነትናሉ፤ እኔም ለፈጣን መኪና ሞተር አየር ማስገቢያ የሚሆነውን ስፍራ በመምረጥ ሥራ እየቈየሁ በሄድሁ መጠን፣ የዚህ ሙያ ፍጻሜው ነፋስን ከቀሩት ከሦስቱ ለይቶ ለሞተሩ ማቅረብ መሆኑን እያደር አጥብቄ ተረድቻለሁ።

ሞተር የሚኖረው በቤንዚን ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ ቤንዚን በልኩ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይሻል፤ የሁለት ሊትር ባለ አራት ምት ሞተርም በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በየሴኮንዱ ወደ 100 ሊትር አየር ይስባል። ጕልበትን የሚወስነው ግን የሚገባው አየር ክብደት እንጂ ስፋቱ ስላልሆነ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ የምንሠራ ባለሙያዎች፣ አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ መሆኑን እያሰብን፣ የተሰጠንን ጥቂት ነገር እንዳናባክን ከሌላው ይልቅ ልንጠነቀቅ ይገባናል።

ከጥንቃቄዎቹ አንዱ ከእሳት ነው። እሳቱ የሚነደው በሲሊንደሩ ውስጥ ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ ግን ነፋስና ሙቀት መገናኘት የለባቸውም። በራዲያተሩ አልፎ፣ የጭስ ማስወጫውን ታክኮ ከኮፈኑ ሥር የተከማቸው አየር ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሲደርስ፣ በውጭ ካለው የ25 ዲግሪ አየር ይልቅ ክብደቱ ከመቶ ዐሥር እጅ ያህል ይጐድላል፤ ስለዚህ ፊልትሮውን ያለ መከለያ በሞተሩ ጎን የሚተክል ሰው፣ ድምፁ ጆሮን ደስ ቢያሰኝም፣ ያተረፈው ድምፅ ብቻ ነው።

ብዙዎች ከቅዝቃዜ ይልቅ የሚመኩት መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ በሚሰጠው ግፊት ነው። ይህ ግፊት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ከከባቢው አየር ግፊት የመቶ ግማሽ እጅ አይሞላም፤ በ200 ኪሎ ሜትርም እንኳ ሁለት እጅ አይደርስም፤ እንግዲህ ግፊትን ሽቶ በሙቀት አጠገብ የማስገቢያውን አፍ የሚከፍት ሰው ሁለትን ለማግኘት ዐሥር ይከፍላል። ቢሆንም ግፊት ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም፤ ነፋስ በመኪናው አካል ላይ ሲፈስ አንዱን ስፍራ ይጫናል፣ ሌላውን ይስባልና። ከኮፈኑ የፊት ጠርዝ ጥቂት ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ አፍ ቢከፈትበት ያምራል የሚባለው ስፍራ፣ ብዙ ጊዜ ነፋሱ ተነሥቶ የሚያልፍበትና ግፊቱ ዝቅ ያለበት ነው፤ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ግን ነፋሱ ተገትቶ ይከማቻል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የ1969ኙ የሸቭሮሌ ካማሮ መኪና በአንዱ ዐይነት ኮፈኑ ላይ አፉን ወደ ኋላ፣ ወደ መስታወቱ አዙሮ የተሠራው ስለዚህ ምክንያት ነው። በፎርሙላ አንድም በዚሁ አቈጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከነጂው ራስ በላይ ረዣዥም የአየር ሣጥኖች ቆመው ነበር፤ የ1976 ደንብ ቁመታቸውን ቢያሳጥርም፣ ከመንገዱ ሙቀት የራቀና ያልታወከ ነፋስ የሚገኝበት ያ ስፍራ ዛሬም ይሠራበታል።

ከእሳት ሌላ ከውሃና ከመሬትም መጠንቀቅ ይገባል። ከፓራውልቱ በታች ያለው ስፍራ ቀዝቃዛም ግፊት ያለበትም ነው፤ ነገር ግን በክረምት ጎርፍ አስፋልቱን ሲሸፍን ውሃ ይገባበታል፤ ውሃም እንደ አየር የማይታመቅ በመሆኑ ፒስተኑ በሽቅብ ጕዞው ሲገጥመው ቢየላው ይጣመማል። በፓራፋንጎው ውስጥ፣ በጎማው አጠገብ ያለው ስፍራ ደግሞ የትቢያ ማደሪያ ነው፤ ትቢያ ፊልትሮውን ያፍናል፣ ሾልኮ ያለፈውም የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቃል። በአስፋልት ለሚሮጥ መኪና ከራዲያተሩ ጎን፣ ከሞተሩ ክፍል በሚገባ የተከለለውን ስፍራ እመርጣለሁ፤ በጥርጊያ መንገድ ለሚሮጥ ግን ቱቦው ቢረዝምም ወደ ላይ ማውጣት ይሻላል፤ በሁለቱም አፉ ጠርዙ የከበበ፣ መንገዱም ሰፊና መታጠፊያው ያነሰ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፍርዱን ለዐይን መተው አይገባም። ቀለም ያለው ውሃ የተሞላበትን ብርሃን የሚያስተላልፍ ጐባጣ ቱቦ አንዱን ጫፍ በታሰበው ስፍራ፣ ሁለተኛውን ነፋስ በማይደርስበት አኑሮ መንዳት ብቻ ይበቃል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ መልካም ስፍራ ቢበዛ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል የውሃ ልዩነት ያሳያል፤ ውሃው በታሰበው ስፍራ ወዳለው ጫፍ ቢሳብ ግን ስፍራው የሚስብ ነው። ቴርሞሜትርም በፊልትሮው ደጃፍ፣ መኪናው ሲሮጥም ሲቆምም፣ ይነበብ። ይህን ሙያ ለሚጀምሩ ወጣቶች የምመክረው ቅደም ተከተሉን እንዲጠብቁ ነው፤ አስቀድሞ ሞተሩ ዕድሜ እንዲኖረው ከውሃና ከትቢያ መጠበቅ፣ ቀጥሎ ቅዝቃዜ፣ ከዚያ የቀና መንገድ፣ በመጨረሻም ግፊት፤ ግፊትን ያስቀደመ ሌሎቹን ሦስቱን በገዛ እጁ ይሸጣልና።