የተባዛ ወረቀትና የፊደል ሥርዓት፦ በሕፃናት የንባብና የሂሳብ መልመጃ ወረቀቶች ላይ የቀረበ ሂስ

በአጸደ ሕፃናትና በአንደኛ ክፍል ለሚያስተምሩ መምህራን ከሚቀርቡት የትምህርት መርጃዎች መካከል ዛሬ በቅርብ የሚገኘው ታትሞ ወይም በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ለሕፃናት የሚታደለው የመልመጃ ወረቀት ነው። ቀድሞ በስቴንስል ተመትቶ በማባዣ መሣሪያ ይወጣ የነበረው ይህ ወረቀት አሁን ከኢንተርኔት ይቀዳል፤ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በአማርኛ ይተካል፤ ሥዕሉና አሠራሩ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ሕፃኑ ሥዕሉን ከፊደሉ ጋር በመስመር ያገናኛል፤ በነጠብጣብ በተሠራ ፊደል ላይ እርሳሱን ያስኬዳል፤ የተሣሉትን ብርቱካኖች ቆጥሮ ትክክለኛውን አኃዝ ያከብባል። ወረቀቱም ታርሞ ወደ ወላጅ ይላካል። ሥራው የሚታይ፣ የሚቆጠርና የሚመዘገብ በመሆኑ መምህሩም፣ ርእሰ መምህሩም፣ ወላጁም ይወዱታል። ሆኖም ወረቀቱን በትክክል የሞላ ሕፃን ሁሉ ማንበብና ማስላት ጀምሯል ለማለት አያስደፍርም።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች በተካሄደው የጀማሪ አንባቢያን ምዘና፣ ሁለተኛ ክፍልን በማጠናቀቅ ላይ ከነበሩት ሕፃናት መካከል ብዙዎቹ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ ተመዝግቧል። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ የመልመጃ ወረቀት ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ምክንያቱ ብዙ ነውና። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሕፃናት ጊዜያቸውን በምን እንዳሳለፉ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የንባብ ኮሚሽን ሪፖርት፣ ለንባብ ትምህርት ከተመደበው ጊዜ እስከ መቶ ሰባው የሚሆነው ሕፃናት ለየብቻቸው በሚሠሩት የወንበር ሥራ እንደሚያልፍ ከገለጸ በኋላ፣ ለመልመጃ ወረቀት የሚሰጠው ጊዜ መብዛት ከዓመት ወደ ዓመት ከሚታየው የንባብ ዕድገት ጋር ግንኙነት እንዳልተገኘበት አስታውቋል። ወረቀቶቹ ለገዛ ቋንቋቸው በተዘጋጁበት አገር ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ለሌላ ቋንቋ የተሠራውን ወረቀት ተርጉሞ የሚጠቀመው ትምህርት ቤት ይበልጥ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

ከተለመዱት ወረቀቶች አንዱን ማየት ይበቃል። «ለ» በሚለው ፊደል አጠገብ ሎሚ ተሥሏል፤ «መ» በሚለው አጠገብ ሙዝ። አዘጋጁ የተከተለው የእንግሊዝኛውን ፈለግ ነው። በዚያ ቋንቋ ኤል የተባለው ፊደል ተነባቢውን ብቻ ስለሚወክል ሎሚም ይሁን አንበሳ፣ ፋኖስም ይሁን ቅጠል፣ ስሙ በዚያ ድምፅ እስከ ጀመረ ድረስ ሥዕሉ ለፊደሉ ይስማማል። በአማርኛ ግን ፊደሉ ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት የያዘ ነው። ሎሚ የሚጀምረው በ«ሎ» ነው፤ «ለ» ከቃሉ ውስጥ ከቶ አይገኝም። ሙዝም በ«ሙ» ይጀምራል። ሥዕሉን በትክክል ያገናኘው ሕፃን እንግዲህ የተማረው ስሕተት ነው፤ ወረቀቱን የሚያርመው መምህርም በስሕተቱ ላይ የትክክል ምልክት ያኖርበታል። ሁለተኛው ችግር ደግሞ «ኘ» ላይ ሲደረስ ይመጣል። ሕፃን ከሚያውቃቸው ቃላት መካከል በዚህ ፊደል የሚጀምር አይገኝም። ድምፁ የሚሰማው እንደ እኛ፣ ዳኛና መኝታ ባሉት ቃላት መካከል ወይም መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ለአማርኛ የሚዘጋጅ ወረቀት «በምን ይጀምራል?» ከማለት ይልቅ «ይህ ድምፅ ከቃሉ በየትኛው ስፍራ ይሰማል?» ብሎ ቢጠይቅ ለቋንቋው ይቀርባል። በሞክሼ ፊደላትም ላይ ሥዕል ብዙ አይረዳም። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በድምፅ አይለዩም፤ ለ«ሀ» ማሳያ የሚሣለውን ሀብሐብን ራሱን በሐመሩ ሐ የሚጽፉት አሉ። የቀድሞ መምህራን ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያሉ እያንዳንዱን ፊደል በሚጻፍበት ቃል መሰየማቸው ከሥዕል የተሻለ መላ ነበር።

ከዚህ የከበደው ስሕተት ግን በአደራደሩ ላይ ያለው ነው። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀው የወረቀት ጥራዝ በሳምንት አንድ ፊደል እያስተማረ 26ቱን በዓመቱ ይፈጽማል፤ ፊደላቱ እርስ በርሳቸው የመልክ ዝምድና ስለሌላቸው ከዚህ ሌላ መንገድ ብዙም የለውም። የአማርኛ ፊደል 33 ቤቶች በ7 ድርድር ተባዝተው 231 ይሆናሉ። ይህን ቁጥር አይቶ የሚደነግጥ አዘጋጅ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ወረቀት ይመድባል፤ ወይም ግዕዙን ብቻ አስተምሮ የቀረውን ለሚቀጥለው ክፍል ይተዋል። ሁለቱም የፊደሉን ሥርዓት ካለማስተዋል የመጡ ናቸው። ካዕብ በአብዛኛው በቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት ይጨምራል፤ ሣልስ ጭረቱን ወደ ቀኝ እግሩ ግርጌ ያወርደዋል፤ ኃምስ በዚያው ግርጌ ቀለበት ያበጃል፤ ራብዕ የግራ እግሩን ያሳጥራል ወይም ያለውን አንድ እግር ወደ ግራ ያጥፋል። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ የለየ ሕፃን ከ፣ ኩ፣ ኪ፣ ኬን ማንም ሳያስተምረው ሊገምት ይችላል። እንደ ሩ፣ ፉና ዩ ያሉት አፈንጋጮች ጥቂቶች በመሆናቸው ለብቻቸው ሊጠኑ ይችላሉ። አስቸጋሪዎቹ ሳድስና ሳብዕ ናቸው። ል፣ ም፣ ር፣ ብ፣ ት፣ ን፣ ግ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መልክ ይለወጣሉ፤ ሳብዑም በ«ሎ» ላይ ቀለበት ሲደርብ በ«ቦ» ላይ ቀኝ እግሩን ያሳጥራል። በዚህ ላይ ሳድስ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ እጅግ ደጋግሞ የሚመጣ ነው። የወረቀት ብዛት የሚያስፈልግ ከሆነ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን በገበያ ያሉት ጥራዞች ለግዕዝ ፊደላት ገጽ በገጽ ሥዕል ሲያበዙ፣ ሳድስንና ሳብዕን ከሌሎቹ ጋር በአንድ መስመር አስፍረው ያልፏቸዋል።

በቤተ ክህነት ትምህርት የተሠራበት የፊደል ገበታ ከዚህ አንጻር ሲመረመር ብዙ የሚያስተምር ሆኖ ይገኛል። አንድ ሕፃን አንዲት ገበታ ይዞ በስንደዶ እያመለከተ ለብዙ ወራት ይማርባት ነበር። ድርድሩን በዜማ ማጥናቱ በጎ ሆኖ ሳለ፣ ሕፃኑ ፊደሉን ሳያይ በቃሉ ብቻ እንዲወጣው የሚያደርግ ጉድለት እንዳለው መምህራኑ ያውቁ ነበር። መድኃኒቱንም በዚያችው ገበታ ላይ አኑረዋል፤ እርሱም አቡጊዳ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ከቤት ወደ ቤት፣ ከድርድር ወደ ድርድር የሚሻገረው ይህ አነባበብ ዜማውን በማፍረስ ሕፃኑ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ እንዲለይ ያስገድደዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ወረቀት አይባክንም። የቃል ጥናቱ ብዛትና የቅጣቱ ክብደት የሚመሰገን አይደለም፤ ነገር ግን አቡጊዳን የፈጠረው አእምሮ ከዛሬው የጥራዝ አዘጋጅ ይልቅ የፊደሉን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቅ እንደ ነበር አይካድም።

በነጠብጣብ ላይ ስለማስኬድም አንድ ነገር መባል አለበት። ካሪን ጄምስና ሎራ ኤንግልሃርት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ገና ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ሕፃናት ፊደልን በነጻ እጃቸው ሲጽፉ፣ በነጠብጣብ ላይ ሲያስኬዱና በመኪና ሲመቱ ያለውን ልዩነት መርምረዋል። በኋላ ፊደሎቹን ሲያዩ በንባብ ጊዜ የሚሠራው የአንጎል ክፍል የነቃው በነጻ እጅ ለጻፏቸው ፊደሎች ነበር። የነጻ እጅ ጽሕፈት ጎባጣና ያልተስተካከለ ይሆናል፤ ለወላጅም ሲላክ አያምርም። ያም ሆኖ ሕፃኑ የፊደሉን ቅርጽ ከራሱ አውጥቶ እንዲሠራ የሚያደርገው እርሱ ነው። ለዚህ ደግሞ አሸዋ፣ አፈርና ጠመኔ ይበቃሉ።

ከፊደል ወደ ቃል ሲታለፍ ወረቀቱ ዝም የሚልበት ቦታ ይመጣል። አማርኛ ጥብቀትን በጽሕፈት አያሳይም። «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ጊዜን፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓልን ያመለክታል፤ «ዋና» ላልቶ በውሃ ላይ የሚደረገውን፣ ጠብቆ ዋነኛውን ይሆናል። ይህን የሚያስተምረው የመምህሩ ድምፅ ነው፤ ሕፃናቱ ለየብቻቸው አጎንብሰው በሚሞሉት ወረቀት ላይ ግን ድምፅ የለም። በሌላ በኩል ወረቀት በሚገባ ሊያገለግልበት የሚችለውን ስፍራ አዘጋጆቹ ሳይነኩት ቀርተዋል። ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ሰባራ፣ ስብራት የሚሉት ቃላት አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረው ቢታተሙ፣ የ«ሰ»፣ የ«በ» እና የ«ረ» ቤቶች ጸንተው ድርድራቸው ብቻ ሲለዋወጥ የሁለተኛ ክፍል ሕፃን በዓይኑ ያያል። በእንግሊዝኛው ወረቀት በመጨረሻ ድምፃቸው የሚመሳሰሉ አጫጭር ቃላት የሚይዙትን ቦታ በአማርኛ ሊይዝ የሚገባው ይህ ነበር።

የሂሳቡ ወረቀት ከንባቡ ያነሰ ጉዳት አለው፤ የቁጥር ምልክት በብዙ አገሮች አንድ ነውና። ቢሆንም ሥዕል ቆጥሮ ከሦስት አኃዞች አንዱን ማክበብ ደካማ መልመጃ ነው። ምንም የማያውቅ ሕፃን በግምት ብቻ ከሦስት አንዱን ያገኛል። የተሣለ ብርቱካን አይነሣም፣ አይከፈልም፣ አይደመርም። ጄሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳስረዳው፣ ዕውቀት በድርጊት፣ በሥዕልና በምልክት ይወከላል። ወረቀቱ ከሥዕሉ ሲጀምር በእጅ የሚሠራውን የመጀመሪያውን ደረጃ ዘልሎታል። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሮቹን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲያድል የሚያገኘው የቁጥር ልምምድ ከዚህ የበለጠ ነው።

የቁጥር ስሞችም ከቋንቋ ቋንቋ ይለያሉ። የእንግሊዝኛው 11 እና 12 አሥርና አንድ፣ አሥርና ሁለት መሆናቸውን በስማቸው አይገልጹም፤ ስለዚህ ወረቀቶቹ በእነርሱ ላይ ብዙ ገጽ ይፈጃሉ። በአማርኛ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ስማቸው ራሱ ያስረዳል። የአማርኛው ችግር ሌላ ነው። አሥራ አራትን የሰማ ሕፃን በመጀመሪያ 10፣ ቀጥሎ 4 በመጻፍ 104 ያደርገዋል። ሃያም ከሁለት ጋር በስም አይዛመድም፤ ሠላሳ ከሦስት፣ አርባ ከአራት፣ ስድሳ ከስድስት የሚዛመዱትን ያህል አይሰማም። ለዚህ የሚረዳው «10» ተብሎ በታተመው ካርድ ዜሮ ላይ «4» ተብሎ የታተመው ትንሽ ካርድ የሚደረብበት ቀላል መሣሪያ ነው። እንዲሁም አምስት አምስት ቤት በሁለት ረድፍ የታተመበት ባለ አሥር ቤት ገበታ ከብዙ ጥራዝ ይበልጣል። ሕፃኑ በላዩ ላይ ሰባት ቆርኪ ቢያኖር፣ ሰባት አምስትና ሁለት እንደሆነ፣ አሥር ለመሙላትም ሦስት እንደሚጎድለው ሳይቆጥር ያያል። ስምንትና አምስት ሲደመሩ ሁለቱን ወስዶ አሥሩን ይሞላል፤ ሦስቱም ከገበታው ውጭ ይቀራሉ። ስለ ሰዓት የተቀዱት ወረቀቶች ብዙ ማለት አያሻም፤ ሕፃኑ ቁርሱን የሚበላው ጠዋት በ1 ሰዓት ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ሰባት ሰዓት ነው ካለው፣ እናቱንና ወረቀቱን የሚያስታርቅለት አያገኝም።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ጉዳዩን በወጪ በኩልም ሊያዩት ይገባል። 60 ሕፃናት ባሉበት ክፍል፣ በ200 የትምህርት ቀናት፣ በቀን አንድ ወረቀት ለእያንዳንዱ ቢታደል 12,000 ወረቀት ያስፈልጋል፤ ይህም ባለ 500 ቅጠል 24 እሽግ ነው። የቀለሙና የማተሚያው ወጪ ለብቻው ነው፤ በዓመቱ መጨረሻም ከዚህ ሁሉ ለሚቀጥለው ክፍል የሚተርፍ የለም። በአንጻሩ የ10 ቤቶች ፊደላት በሰባቱም ድርድር 70 ካርድ ይሆናሉ። በአንድ ወፍራም ወረቀት ላይ 10 ካርድ ቢታተም ለአንድ ስብስብ 7 ወረቀት፣ አራት አራት ሆነው ለሚሠሩ 15 ቡድኖች 105 ወረቀት ይበቃል። ባለ አሥር ቤቱ ገበታም በአንድ ወረቀት ሁለት ሁለት እየታተመ ለ60ዎቹ ሕፃናት 30 ወረቀት ይፈልጋል። በእርግጥ 1,050 ካርድ መቁረጥና በካርቶን ላይ መለጠፍ ቀላል ድካም አይደለም፤ ይህንን በመምህሩ ትከሻ ላይ ብቻ መጣልም ተገቢ አይሆንም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየአውራጃው የተቋቋሙት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ የትምህርት መርጃ ለመሥራት የታሰቡ ነበሩ፤ በየትምህርት ቤቱም ይህንኑ ስም የያዘ ክፍል ዛሬ ድረስ አለ። በብዙዎቹ የሚገኙት የተሰቀሉ ካርታዎችና ሕፃን የማይነካቸው የሸክላ ቅርጾች ናቸው። ጥቂት መቀስ፣ ሙጫና ካርቶን ቢገባላቸው፣ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችም በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ቢያግዙ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ካርድ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ተቆርጦ ሊያልቅ ይችላል።