የሌሊት ፈረቃና የኪነ ጥበብ ዓይን

የአማርኛ ቋንቋ የሰውን መተዳደሪያ የሚሰይመው ከሌሊት በተወለደ ግሥ ነው። «አደረ» ማለት ሌሊቱን አሳለፈ ማለት ሲሆን፣ ከዚሁ ግሥ ገበሬው አርሶ አደር፣ ሠራተኛው ላብ አደር፣ ዘማቹ ወጥቶ አደር ተብሏል። ቋንቋው ኑሮንና ሌሊትን እንዲህ ቢያስተሳስርም፣ ሥነ ጽሑፉና ቴአትሩ ሲሠራ የሚያድረውን ሰው በአመዛኙ አልፎታል። በልብ ወለዱም በዘፈኑም ሌሊት የፍቅር፣ የመጠጥ ወይም የወንጀል ጊዜ ሆኖ ይቀርባል።

ድሬዳዋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረች፣ በኋላም የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት የሠራተኛ ከተማ ናት። ሆኖም ስሟ ሲነሣ ጎልቶ የሚታየው የዛፎቿ ጥላና የምሽቷ ነፋሻ አየር ነው። ያ ምሽት ግን ለሁሉም የመዝናኛ ሰዓት አይደለም። በሳቢያን ሆስፒታል የአዳር ተረኛ የሆነች ነርስ ሌላው ለነፋስ ሲወጣ እሷ ሥራ ትገባለች፤ የእንቅልፍ ተራዋ የሚደርሰው ፀሐይ ቆርቆሮውን በምታግልበት ሰዓት ነው። ጠዋት ጎረቤት «እንዴት አደርሽ?» ሲላት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ለተኛ ሰው የተበጀው ሰላምታ ላልተኛችው ሲደርስ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ለድራማ በቂ ነው።

የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ለጉዳዩ የቀረበ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ ዘወትር የሚነሣው በድፍረቱ ነው። ከሥራ አንጻር ለሚያነበው ግን ለውቤ በረሃ ሴቶች ሌሊቱ የሥራ ቀን ነው፤ የእንግዳው ደስታ የእነሱ እንጀራ ነው። ሂስ መጽሐፉን በዚህም በኩል ሊመረምረው ይገባል።

ሕግ በዚህ ረገድ ከኪነ ጥበብ ቀድሟል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1.75 ተባዝቶ እንዲከፈል ደንግጓል፤ ነፍሰ ጡር ሠራተኛንም በእነዚህ ሰዓታት ማሠራትን ከልክሏል። ሕጉ የሌሊቱን ዋጋ በቁጥር ተምኗል። በቁጥር የማይተመነውን መናገር የደራሲው ድርሻ ነው።

ሠራተኛው መድረክ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ክንዱን አንሥቶ በቀትር ብርሃን ይቆማል። የሌሊት ፈረቃ ይህን አቋም አይቀበልም፤ ጥንካሬው በማዳመጥ፣ በመጠበቅና ከእንቅልፍ ጋር በመታገል ይገለጻል። ይህን ለማሳየት ከመፈክር ይልቅ አንድ መብራት፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና በልኩ የተጻፈ ቃለ ተውኔት ይበቃል። ሠራተኛውን ማግነን ከመርሳት የሚሻል አይደለም፤ በሁለቱም መንገድ ድካሙ ሳይታይ ይነጋል።