ሠፈርና የልብ ጤና፤ ስለ አንድ የአለካክ ዘዴ የቀረበ ሒስ

የሰው የልቡ ጤና፣ የደሙ ግፊትና የስኳሩ መጠን ከሚኖርበት ሠፈር ጋር ምን ያህል ይያያዛል? ይህን ጥያቄ በትጋት ከመረመሩት መካከል በአሜሪካ የሚኖሩትን የሂስፓኒክ ተወላጆች የሚመለከተው ጥናት ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2011 ድረስ በብሮንክስ፣ በቺካጎ፣ በማያሚና በሳን ዲዬጎ 16,415 አዋቂዎች ተመዝግበው ጤናቸው ተመረመረ። ከዚሁ የበቀለው የሳን ዲዬጎ ቅርንጫፍ ጥናት ደግሞ የሠፈሩን አሠራር ከነዋሪው ጤና ጋር ለማመሳከር ተነሣ። ሕመምን ሁሉ በታማሚው ስንፍና ከማላከክ ስለሚያድነን ይህ ሥራ ምስጋና ይገባዋል።

ሆኖም ሚዛኑ ራሱ መመዘን አለበት። በዚህ ዓይነት ምርምር ሠፈር ማለት ብዙ ጊዜ በሰውየው ቤት ዙሪያ በካርታ ላይ የሚሠመር ክብ ነው። በክቡ ውስጥ የቤቶች ብዛት፣ የመንገዶች መገናኛና የሱቆች ቅርበት ይቈጠርና ሠፈሩ ለእግረኛ የተመቸ ነው ወይም አይደለም ይባላል።

ይህ ሚዛን እንዳለ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ልደታ ቢመጣ ያሳስታል። ከ2001 ዓ.ም. በኋላ ከመፍረሱ በፊት የነበረው የልደታ ሠፈር ቤቱ የተጠጋጋ፣ ጉራንጉሩ የበዛ ስለ ነበረ በዚህ ቈጠራ ከፍተኛ ነጥብ ባገኘ ነበር። ዛሬ በቦታው የቆሙት ፎቆች፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የከተማ ባቡር ጣቢያ ጋር፣ እንዲሁ ጥሩ ነጥብ ያገኙ ይሆናል። ታዲያ በሁለቱ መካከል የሆነው ነገር ሁሉ፣ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር መበተኑ ጭምር፣ በሚዛኑ ላይ አይታይም።

ሠፈሩ ስሙን ያገኘባት ልደታ ማርያም በዓሏ ግንቦት 1 ቀን ነው። በዚያን ዕለት ጎረቤት ከየቤቱ ወጥቶ በደጅ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቡና አፍልቶ አብሮ ይቀምሳል። እንግዲህ የሠፈርን ወሰን የሚያውቅ ማን ነው? ካርታው ነው ወይስ የንፍሮው ተካፋይ? ዕድርም እንዲሁ ነው፤ ማን ለማን ለቅሶ እንደሚሄድ፣ የታመመውንም ማን እንደሚጠይቅ ያሳውቃል። ብቸኝነት ልብን እንደሚጎዳ ሐኪሞች ከተረዱት ቈይቷል።

የቀድሞውን ኑሮ ማስጌጥ ግን አይገባንም። የከሰልና የማገዶ ጢስ፣ የጋራ መጸዳጃና ጠባብ ክፍል ጤናን ይጎዱ ነበር። ብዙ ሰው በእግሩ የሚሄደውም የታክሲ ሒሳብ ስለሚያጣ እንጂ መንገዱ ስለ ተመቸው አይደለም፤ መሄዱን ብቻ የሚቈጥር ሚዛን ድህነትን እንደ ጤና ይጽፈዋል።

ነገሩ የምሁራን ክርክር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ምርመራ ከመቶ አዋቂዎች 16 ያህሉ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። በሌላ በኩል ሠፈር ይፈርሳል፣ ይሠራል። ስለዚህ ጎረቤትን የሚያውቀው የባህል ተመራማሪና ልብን የሚያውቀው ሐኪም አብረው ይውጡ፤ ክቡን ከመሥመራቸው በፊትም የዕድሩን መዝገብ ይጠይቁ። ያልተቈጠረ ነገር ሲፈርስ ኪሳራውን የሚጽፍ አይገኝም።